ባሕሩ ሲሞላ ወፎቹ የት ይሄዳሉ?

ገና አልነጋም። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ስኔቲሻም ከምትባለው መንደር ወረድ ብሎ ባለው የባሕር ዳርቻ ሃያ የምንሆን ሰዎች የጠጠር ክምሩ ላይ ቆመናል። ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባችን ነው፤ ሁሉም ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጨለማው አዙሯል። የሚያወራ የለም። አንዱ ከፔርሙዙ ሻይ ይቀዳል፣ ሌላው የቴሌስኮፑን እግር ያደላድላል። ከፊታችን የተዘረጋው ጭቃ ነው፤ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ጭቃ፣ በመሀሉም የተጠማዘዙ ቀጫጭን የውሃ ቦዮች። ባሕሩ ከዚያ ማዶ ነው፤ ወደኛ እየመጣ ነው።

ቀድሞ የሚሰማው የዝዮቹ ድምፅ ነው። ሌሊቱን ጭቃው መሀል ያደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዝዮች ሊነጋ ሲል መንጫጫት ይጀምራሉ። ቀጠን ያለ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚደጋገም ጩኸት ነው። ድንገት ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላሉ። ከለንደን አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በጎሕ ታንኳ ላይ ይወጣ ስለነበር የውሃ ዳር ማለዳ አይጠፋውም። «ሊነሡ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እውነትም ተነሡ።

አድማሱ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ታዩ፤ መስመሮቹ እየቀረቡ ሲመጡ ተሰባበሩ፣ ተቀጣጠሉ፣ ከራሳችን በላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ ነጥብ አንገትና ክንፍ ያለው ወፍ ሆነ። አንዱ መንጋ አልፎ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰማዩ ባዶ የሆነበት ጊዜ አልነበረም። እግረ ሮዝ ዝዮች ይባላሉ፤ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ መጥተው ክረምቱን ብሪታንያ የሚያሳልፉ ናቸው። ከባሕሩ ወደ እርሻው እየሄዱ ነበር።

ዝዮቹ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠውን አንገቱን መለሰ። ባሕሩ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጭቃውን በግማሽ በልቶት ነበር።

ቦታው ዘ ዋሽ የሚባለው የባሕር ሰላጤ ነው። ዊተም፣ ዌላንድ፣ ኒን እና ግሬት ኡዝ የሚባሉ አራት ወንዞች ደለላቸውን ይዘው የሚገቡበት፣ በኖርፎክና በሊንከንሺር መካከል ያለ ሰፊ ጥልቀት አልባ ውሃ። እንግሊዞች ልጆች ሳሉ በታሪክ ትምህርት የሚያውቁት በሌላ ነገር ነው፤ ንጉሥ ጆን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1216 የጓዝ ሠረገሎቹን በዚህ ጭቃ ሊያሻግር ሲል ባሕሩ ደርሶ ሀብቱን የበላበት ቦታ ነው። ዛሬ ሰው የሚመጣበት ምክንያት የተለየ ነው። በክረምት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ የውሃ ወፎች ይሰፍሩበታል፤ በብሪታንያ ይህን ያህል ወፍ የሚያስተናግድ ሌላ ጭቃ የለም።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ሆነው ውሃውን ስለሚስቡ ሙላቱ ይበረታል፤ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመስከረምና በመጋቢት ግድም ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እኛ የመጣነው በመስከረም መገባደጃ ነው። በዘ ዋሽ የእነዚህ ቀናት ትልቅ ሙላት የሚደርሰው ሁልጊዜም ማለዳና ምሽት አካባቢ ስለሆነ የዝዮቹ መነሣትና የባሕሩ መሙላት በአንድ ጎሕ ይገጣጠማሉ። ለዚህ ነው ሰው ሌሊት ተነሥቶ እዚህ የሚቆመው።

በተራ ቀን ባሕሩ ሲሞላ ጥቂት ጭቃ ይተርፋል፤ ወፎቹም እዚያው ላይ ተጠጋግተው ይቆያሉ። በትልቁ ሙላት ግን የሚተርፍ የለም። ጭቃው ላይ ሲለቅሙ ያደሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች መቆሚያ ያጣሉ። እነዚህ እንደ ዳክዬ የሚዋኙ ወፎች አይደሉም፤ እግራቸው ረዘም ያለ፣ በውሃ ዳር እየተራመዱ የሚለቅሙ ናቸው። ስለዚህ መሄድ አለባቸው። የት?

ስለ ውሃ ዳር ወፎች ማወቅ ያለብን ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል። ወፍ ሁለት ቦታ ያስፈልጋታል፤ የምትበላበትና የምታርፍበት። አንዱ ከጠፋ ሌላው ቢኖርም አይረባትም። ዘ ዋሽ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ሜትር ነው። በዓለም ላይ ደግሞ ከዋልታው ዳር እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይደርሳል።

የስኔቲሻም ማረፊያ የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ይገርማል። ከጠጠሩ ክምር በስተጀርባ ውሃ የሞላባቸው ሰፋፊ ጉድጓዶች አሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ኮንክሪት የሚሆን ጠጠር የወጣባቸው ናቸው። ጦርነቱ አለፈ፣ ጉድጓዶቹ ቀሩ፣ መሀላቸው የተተዉት የጠጠር ደሴቶች ባሕር የማይደርስባቸው ደረቅ መሬት ሆኑ። ወፎቹ አገኟቸው። አሁን ቦታውን የሚያስተዳድረው የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ሲሆን ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው ለባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፍ መታረዱን በተቃወሙ ሴቶች ነው።

ውሃው ወደ መጨረሻዋ የጭቃ ቁራጭ ሲጠጋ ቁራጯ ግራጫ ነበረች። በቴሌስኮፑ ስመለከት ግራጫው ጭቃ አልነበረም፤ ወፍ ነበር። ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ፣ ሁሉም ወደ ነፋሱ የዞረ። ኖት የሚባለው ወፍ ነው። ከ120 እስከ 140 ግራም የሚመዝን፣ በክረምት ግራጫ፣ በበጋ ደረቱ እንደ ሸክላ የሚቀላ። ውሃው ጫፉ ላይ ያሉትን እግር ሲነካ እነርሱ ብድግ ብለው በመንጋው ላይ አልፈው ከወዲያ ያርፋሉ፤ ከዚያ ቀጣዮቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። መንጋው በሙሉ እንዲህ እየተንከባለለ ወደኛ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር አስደነገጣቸው። ጭልፊት ነበር። በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ድምፁን በጽሑፍ ማምጣት አልችልም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክንፎች ከራስ በላይ በሃያ ሜትር ሲያልፉ አየሩ ራሱ ይገፋል፤ ፊት ላይ ይሰማል። መንጋው ሲዞር ነጩ ሆዳቸው ይበራል፤ መልሶ ሲዞር ግራጫው ጀርባቸው ይመጣና መንጋው ይጠፋል፤ ደግሞ ይበራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱ ከሌላው አይጋጭም። ጓደኛዬ «መሪያቸው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መሪ የለም። ዌይን ፖትስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደንሊን የሚባሉትን የእነዚህን ዘመዶች በካሜራ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። መዞር የጀመረችው አንድ ወፍ ልትሆን ትችላለች፤ ዙሩ ከወፍ ወደ ወፍ የሚተላለፈው በ15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንዲት ደንሊን ብቻዋን ስትደነግጥ ለመንቀሳቀስ ግን 38 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ እያንዳንዷ ጎረቤቷን ጠብቃ አይደለም የምትዞረው፤ ከሩቅ እየመጣ ያለውን ዙር አይታ፣ ጊዜውን ገምታ፣ ሲደርስባት አብራ ትገባለች።

ጭልፊቱ ባዶ እጁን ሄደ። መንጋው ሁለቴ ዞሮ ከጠጠሩ ክምር ባሻገር ወደ ጉድጓዶቹ ወረደ። ወደ መመልከቻው ጎጆ ሮጠን ስንገባ ደሴቱ ላይ እህል የተሰጣ ይመስል ነበር፤ ባዶ ጠጠር የሚታይበት ቦታ አልነበረም። ቀይ ምንቃር ያላቸው ኦይስተርካቸሮች በአንድ ወገን ጥቁርና ነጭ መስመር ሠርተዋል፤ ኖቶቹ ግን ያለ አንዳች ክፍተት ነው የተደረደሩት። አብዛኞቹ ምንቃራቸውን ጀርባቸው ላባ ውስጥ ቀብረው ተኙ። እዚህ ሲደርሱ ነው ሰው መጠንቀቅ ያለበት። በዚህ ሰዓት የሚነሣ መንጋ ሌላ ማረፊያ የለውም፤ በአየር ላይ ሲዞር የሚያቃጥለው ስብ ሌሊቱን በጭቃ ላይ የለቀመው ነው። ጎጆው ውስጥ ያሉት ሰዎች በሩን በቀስታ የሚዘጉት፣ ጣታቸውን በመስኮቱ አውጥተው የማይጠቁሙት ለዚህ ነው። ውሻ ይዞ የመጣ ሰው ዳርቻው ላይ ቢኖር ሁሉም በዓይኑ ይከታተለዋል።

ታዲያ ጭቃው ውስጥ ምን አለ? ሩዝ የሚያካክሉ ቀንድ አውጣዎች፣ ትሎች፣ ዛጎል ለባሾች፣ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ በሺዎች ሊገኙ ይችላሉ። ወፎቹ ማዕዱን በምንቃር ርዝመት ተከፋፍለውታል። አጭር ምንቃር ያላቸው ከላይ ይለቅማሉ፤ ከርሉ የሚባለው ትልቁ ወፍ ግን እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ቆልማማ ምንቃሩ ሌላው የማይደርስበትን ትል ጎትቶ ያወጣል።

የኖት አሠራር ከሁሉም ይለያል። ዛጎሉን አያየውም፣ አይሰማውም፣ አያሸተውም። ምንቃሩን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰካ ሰካ ሲያደርግ በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ይገፋል፤ ውሃው ጠጣር ነገር ሲያጋጥመው ግፊቱ ይለወጣል። የምንቃሩ ጫፍ ይህን ለውጥ በሚያነቡ ጥቃቅን ህዋሳት የተሞላ ስለሆነ ሳይነካው የት እንዳለ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ያሳየው በኔዘርላንዳዊው ቴውኒስ ፒርስማ የሚመራው ቡድን ነው። ካገኘው በኋላ ከነዛጎሉ ይውጠዋል፤ የሚፈጭለት ጡንቻማው ጨጓራው ነው። ምግቡ ጠንካራ ዛጎል ሲሆን ያ ጨጓራ ያድጋል፣ ለስላሳ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል። ረዥም ጉዞ ላይ መንገድ የሚያርፉ ኖቶች ከሚያርፉበት ቦታ የሚጠብቁት ይህን ሁሉ ነው፤ ለተራ ዓይን ባዶ ጭቃ የሚመስለውን።

ባሕሩ ከፍ ብሎ ቆይቶ መሸሽ ሲጀምር ወፎቹ ከሰው ቀድመው ያውቃሉ። መንጋዎቹ ተራ በተራ ከደሴቱ እየተነሡ ወደ ወጣው ጭቃ ተመለሱ። እኛም ዝዮቹን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባን።

እግረ ሮዝ ዝይን እርሻ ላይ መመልከት ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ በመስኮት ማየት ይሻላል፤ በእግር የሚመጣ ሰው ገና ሩቅ ሳለ ይነሡበታል። ኖርፎክ ውስጥ የሚሰበሰቡት ሹገር ቢት የሚባለው ስኳር የሚወጣበት ሥር የታጨደበት ማሳ ላይ ነው። ማሽኑ ሥሩን ነቅሎ ሲሄድ ቅጠሉና የሥሩ አናት ይቀራል፤ ዝዮቹ የሚፈልጉት ያንን ነው። ገበሬው ቶሎ አርሶ ስንዴ ካልዘራበት ለሳምንታት ይመገባሉ። ቢያርሰው ወደ ተዘራው ስንዴ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ጠብ ይመጣል። ስለዚህ የዝዮቹ ነገር በጭቃው ብቻ አይወሰንም፤ ማደሪያቸው ባሕር ነው፣ ማዕዳቸው ግን የሰው ማሳ ነው።

በመንጋው ውስጥ ቤተሰብ መለየት ይቻላል። ባልና ሚስት አብረው ይኖራሉ፤ የዓመቱ ጫጩቶችም የመጀመሪያውን ክረምት ከወላጆቻቸው አይለዩም። አንዱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲጠብቅ ሌሎቹ ይበላሉ። መንገዱንም፣ ማደሪያውንም የሚማሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ሲበሩ ለምን ያንን የታወቀ የማዕዘን ቅርጽ ይሠራሉ የሚለውን ያረጋገጠው ምርምር ከእኛ ጋር የሚያያዝ ነገር አለው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን የተሠራው በዝይ ሳይሆን በሰው እጅ ባደጉና አነስተኛ አውሮፕላን ተከትለው እንዲበሩ በለመዱ ራሰ በራ አይቢስ ወፎች ነው። እያንዳንዷ ወፍ ከፊቷ ያለችው ክንፍ ወደ ላይ የምትገፋውን አየር ለመጠቀም ቦታዋን ብቻ ሳይሆን የክንፏን ምት ጭምር ታስተካክላለች። ይኸው ወፍ በዱር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶርያ ውስጥ ጥቂት ራሰ በራ አይቢሶች በሕይወት መኖራቸው ሲታወቅ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 የሳተላይት መከታተያ ሲታሰርላቸው የተገኙት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። ሶርያ ውስጥ ጎጇቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ልፋት ግማሹን መንገድ ብቻ ነበር የሚሸፍነው።

የዝይን ሌላኛውን ቦታ ፍለጋ የወጣ ሰው ስም ያለ ፒተር ስኮት አይነሣም። አባቱ ሮበርት ፎልከን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ በብርድ የሞተው አሳሽ ነው፤ በመጨረሻ ደብዳቤው ሚስቱን ልጁ የተፈጥሮን ነገር እንዲወድ አድርጊው ብሎ አደራ ብሏታል። ልጁ መጀመሪያ የወደደው አደኑን ነበር። በዘ ዋሽ ዳር፣ የኒን ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ያለ አሮጌ ግንብ ተከራይቶ ዝይ ያድን ነበር፤ ያደነውንም ይስል ነበር። ቆይቶ ጠመንጃውን አስቀመጠ። ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ እግሩ ተሰብሮ፣ ሰው ሊደርስበት በማይችል ጭቃ ላይ ወድቆ በማግሥቱም በሕይወት የነበረ ዝይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በሰቨርን ወንዝ ዳር፣ ስሊምብሪጅ ላይ የውሃ ወፎች ማዕከሉን መሠረተ። በ1961 ዓለም አቀፉን የዱር እንስሳት ፈንድ ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ የፓንዳውን ዓርማ የሣለውም እሱ ነው።

እኔ ከሁሉም የማደንቅለት ግን የ1951ን ጉዞ ነው። በዚያን ጊዜ እግረ ሮዝ ዝዮች ብሪታንያ ውስጥ 30 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ስኮትና ባልደረቦቹ የሚፈለፈሉበትን ቦታ ፍለጋ አይስላንድ ገብተው በፈረስ ትዮርሳርቬር ወደሚባል በበረዶ ተራሮች ሥር ያለ ረግረግ ሄዱ። ዝዮች ላባቸውን በሚቀይሩበት ወቅት መብረር ስለማይችሉ በፈረስ እየነዱ ወደ መረብ አስገብተው እግራቸው ላይ ቀለበት አሠሩላቸው። ቦታው ታወቀ። ከዓመታት በኋላ ለኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ሊጥለቀለቅ ዕቅድ ሲወጣ የሚሟገትለት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ዛሬ የእነዚህ ዝዮች ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ደርሷል። በአደን ላይ የመጣው ገደብና የእርሻው ምግብም ድርሻ አላቸው፤ የሚፈለፈሉበት ቦታ ቢጠፋ ግን የኖርፎክ ማሳ ምንም ባላደረገላቸው ነበር።

ብሬንት የሚባሉት ትናንሾቹ ጥቁር ዝዮች ያሳለፉት መከራ ከዚህ የከፋ ነው። እነዚህ የሚመጡት ከሳይቤርያ፣ ከታይሚር ልሳነ ምድር ነው። ምግባቸው ጭቃ ላይ የሚበቅል የባሕር ሣር ነበር። በ1930ዎቹ የባሕር ሣሩን በሽታ ገባበትና በአትላንቲክ ዳርቻዎች በሰፊው አለቀ፤ ዝዮቹም አብረው አለቁ። በ1950ዎቹ ከ20 ሺህ በታች ወርደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ብሪታንያ ውስጥ እንዳይታደኑ ሕግ ወጣ፤ እነርሱም ወደ ረግረጉ ሣርና ወደ ስንዴው ማሳ መግባት ለመዱ፤ አሁን ከ200 ሺህ በላይ ናቸው። የሚመለከታቸው ሰው በመፀው ስለ ሳይቤርያ ዜና ያነባል፤ የብሬንት ቤተሰቦች ጫጩት ይዘው ከመጡ በታይሚር የሌሚንግ አይጥ በዝቶ ነበር ማለት ነው። አይጡ ሲጠፋ የዋልታ ቀበሮ ወደ ዝይ እንቁላል ይዞራል። በዚያን ዓመት መንጋው ያለ ልጅ ይመጣል።

እረፍት የሌለው ወፍ የሚመስለው ጎድዊት ነው። በዘ ዋሽ ጭቃ ላይ ረዥም ምንቃሩን እስከ ሥሩ እየነከረ ስናየው የነበረው ባለ መስመር ጅራቱ ዓይነት፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉት ወገኖቹ ከአላስካ ኒውዚላንድ አንዴም ሳያርፉ ይበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 መከታተያ የታሰረላት አንዲት ወፍ ከ11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ በስምንት ቀን ሄዳለች፤ በ2022 ደግሞ አምስት ወር የሆነው አንድ ጫጩት ከአላስካ ታስማንያ 13 ሺህ 560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በሮ ደረሰ። ከመነሣታቸው በፊት ስብ ይጭናሉ፤ በመንገድ ስለማይበሉ የምግብ መፍጫ አካላቸው ይኮማተራል። እንዲህ ያለ ወፍ ሲመለስ ግን በቢጫው ባሕር ጭቃ ላይ ማረፍ አለበት። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 በሴማንጉም ላይ ከ33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ግንብ ሠርታ ሰፊውን ጭቃ ዘጋች። በዚያ ያርፉ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታላላቅ ኖቶች አልፈው ወደ ሌላ ጭቃ እንደሚሄዱ የገመቱ ነበሩ። አልሄዱም፤ በሚከርሙበት በአውስትራሊያ ጭምር ቁጥራቸው ወረደ። ባሕር ዳር ያለ ጭቃ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለልማት ሲታጠር ባየሁ ቁጥር የማስበው እነዚህን ነው።

ዘ ዋሽ ራሱ ለዘመናት እንዲህ ሲታጠር የኖረ ነው፤ ዙሪያው ያለው ለም እርሻ ከባሕር የተነጠቀ ነው። አሁን ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። ዳርቻው ላይ ያለው ረግረግ ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ እርሻውን የሚጠብቀው ግንብ ይይዘዋል፤ ከፊቱ ውሃው ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የመጣው ማዕበል የስኔቲሻምን መመልከቻ ጎጆዎች ጠራርጎ ወስዷል። በሊንከንሺር በኩል፣ ፍሪስተን ሾር በሚባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰዎች የተገላቢጦሹን ሠሩ፤ የባሕሩን ግንብ ሆን ብለው በሦስት ቦታ ሰብረው 66 ሄክታር እርሻ ለባሕሩ መለሱ። ረግረጉ ተመልሶ በቀለ። ከኋላው ያለው ግንብም የማዕበሉ ጉልበት ረግረጉ ላይ ስለሚደክም ዕድሜው ይረዝማል።

ከሰዓት በኋላ ቲችዌል የሚባለው ረግረግ ገባን። ጨው አልባውን ኩሬ ከጨዋማው የሚለይ የእግር መንገድ አለው፤ ወደ ባሕሩ እየሄዱ በግራና በቀኝ ያያሉ። አቮሴቶች ወደ ላይ የተቆለመመ ምንቃራቸውን ውሃው ላይ ግራና ቀኝ እያጨዱ ይሄዱ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍተው፣ የተመለሱት ጦርነቱ ባመጣው ውሃ ነው፤ የሰፎክ ዳርቻ ረግረጎች የጀርመን ወራሪ እንዳይሻገር ሲጥለቀለቁ ተመቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ጎጆ ሠሩ።

ጓደኛዬ ግን አቮሴቶቹን አላያቸውም። ቴሌስኮፑን ጭቃው ዳር ወዳለች አንዲት ነገር አዙሮ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ነበር። «አንተ፣ ና እስቲ እያት» አለኝ። ደንሊኖቹ መሀል፣ ግማሻቸውን የምታክል፣ እንደ ስፌት መርፌ ቶሎ ቶሎ የምትወጋ ወፍ ናት። ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ተገናኝተው ማዕዘን ሠርተዋል። «ይቺን'ኮ አውቃታለሁ። ዝዋይ ላይ ጀልባ የምናቆምበት ጭቃ ሞልታው ነው የምትውለው። ስም እንዳላት አላውቅም ነበር።»

ትንሿ ስቲንት ትባላለች። ክብደቷ ሠላሳ ግራም ቢሞላ ነው። በኖርዌይና በሳይቤርያ ሰሜናዊ ጫፍ ትፈለፈላለች፤ አብዛኞቹ ክረምቱን አፍሪካ ያሳልፋሉ። ያየናት እሷው ዝዋይ ትደርሳለች ማለት አይደለም፤ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የምትሄድ ልትሆን ትችላለች። ዘመዶቿ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ በዝዋይ፣ በአቢያታ፣ በላንጋኖ ዳር ይገኛሉ። አቮሴትም አለ፣ ራፍ የሚባለውም አለ፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ጨለለቃ ላይ ደግሞ ከሩሲያ የመጡ ቆሬዎች ይከርማሉ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የጓደኛዬን ደስታ አይተው ከየት እንደሆነ ጠየቁት። ሲነግራቸው ቴሌስኮፑን ትተው ወደሱ ዞሩ፤ ሐይቁ ስንት ሜትር ጥልቀት እንዳለው፣ ጭቃው በየትኛው ወገን እንደሚሰፋ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ወፎቹን ይተዉአቸው እንደሆነ ጠየቁት። እሱም የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው።

ከነገራቸው ውስጥ ያሳሰባቸው የአቢያታ ነገር ነው። አቢያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራቀሎ ነው። ከላይ ለመስኖ የሚቀዳው፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲወሰድ የቆየው ውሃ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚታየው በእሱ ላይ ነው። ሐይቁ በእጅጉ ሸሽቷል፤ ውሃው ቢሸሽ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ጨዋማነቱ ቢጨምር ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ያለው ሻላ ጥልቅ ነው፤ በመሀሉ ደሴቶች አሉት፤ ነጫጭ ፔሊካኖች ሰውም ቀበሮም የማይደርስባቸው እነዚያ ደሴቶች ላይ ጎጆ ይሠሩ ነበር። ሻላ ውስጥ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለም። ከደሴቱ እየተነሡ የሚመገቡት አቢያታ ሄደው ነበር። የአቢያታ ዓሣ ሲያልቅ ደሴቱ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፔሊካኖቹ ቀነሱ። ስኔቲሻም ላይ የጠጠር ደሴቱ ኖሮ ጭቃው ቢጠፋ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሽማግሌው በወር አንድ እሑድ ወፍ ይቆጥራሉ። ብሪታንያ የውሃ ወፎችን በአገር ደረጃ መቁጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን ዛሬ ከ3 ሺህ በላይ ፈቃደኞች ይሳተፉበታል። ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ የዳርቻ ክፍል ይሰጠዋል፤ ቆጠራው የሚካሄደው ባሕሩ ሲሞላ፣ ወፎቹ ማረፊያቸው ላይ ሲሰበሰቡ፣ በሁሉም ክፍል በአንድ ሰዓት ነው። አለዚያ አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የብሬንት ዝይ ማገገምም፣ የእግረ ሮዝ ዝይ መጨመርም የታወቀው ከእንዲህ ያሉ ቆጠራዎች ነው። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በጥር ወር አጋማሽ ላይ ዓለም አቀፍ ቆጠራ ይካሄዳል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ቆጠራ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ባሕር አይሞላም፣ አይሸሽም፤ ሐይቆቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ዳርቻቸው ረዥም ነው፣ ዓይኑን ለዚህ ያሠለጠነ ሰው ጥቂት ነው። ባይኖኩላር ያለው፣ ደንሊንን ከስቲንት መለየት የቻለ፣ ለአንድ ቀን በማለዳ ተነሥቶ ጭቃ ዳር ለመቆም የማይሰለች ሰው አቢያታ ላይም፣ ዝዋይ ላይም ያስፈልጋል።

ጓደኛዬ ለጥር ትኬት ቆርጧል። እናቱን ሊጠይቅ ነው የሚሄደው፤ ቴሌስኮፑን ግን ከእኔ ተውሷል።